የሳፍታ ቫዮሊን የተሰበረ ዕለት

አጎቴ ፓንዴሌ በሞርኔሽቲ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሁሉ ተፈልጎ የሚጠራ የሰርግ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ከመሞቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ግራ እጁን ሪህ ያዘውና ሁለቱ ጣቶቹ እየደረቁ ሄዱ። ቀስ ያለ ዜማ ሲጫወት ማንም አያውቅበትም። ጭፈራው ሲሞቅ ነው ጣቶቹ ወደ ኋላ የሚቀሩት። ያኔ አብሮን የሚጫወተው ጋቭሪል ትልቁን ባሱን ጮክ አድርጎ እየመታ ስህተቱን ይሸፍንለታል፤ እኔ ደግሞ ጻምባሌን ቀስ እያደረግሁ እጠብቀዋለሁ። ጻምባል አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ብዙ ክር የተወጠረበት፣ በሁለት ቀጫጭን ዘንግ የሚመታ ሳጥን ነው። የጨዋታውን ፍጥነት የሚይዘው እሱ ነው። እኔ ስፈጥን ሁሉም ይፈጥናል፣ ስቀንስ ሁሉም ይቀንሳል።

ያሳደገኝ ፓንዴሌ ነው። እናቴ የእሱ እህት ነበረች፤ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ወሰደኝ። አበላኝ፣ አለበሰኝ፣ ሙያ አስተማረኝ። ስሳሳት በቫዮሊኑ ደጋን ጀርባ ጣቶቼን ይመታኝ ነበር። በብርድ ወራት ይብስበታል፤ የቀዘቀዘ ጣት ሲመታ የበለጠ እንደሚያም ያውቃል።

ወንድ ልጅ የለውም። ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ ሳፍታ። እኛ ዘንድ ሴት ትዘፍናለች እንጂ ቫዮሊን ይዛ ሰርግ አትመራም። ፓንዴሌ ግን ልጅቷ በአምስት ዓመቷ ከደጋኑ ጋር ስትታገል አይቶ፣ ለሳቅ ያህል ማስተማር ጀመረ። ሳቁ ብዙም አልቆየም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት እሱ በደህናው ዘመኑ ያልደረሰበት ደርሳ ነበር። ይህን ከማንም በፊት ያወቀው እሱ ነው። አፉን ሞልቶ ሲናገረው ግን አንድ ቀን አልሰማሁም።

እጁ በታመመ በዓመቱ፣ በመኸር፣ የወፍጮ ቤቱ ኃላፊ አርጊር ልጁን ሊድር ሆነ። አርጊር የሚፈራ ሰው ነው፤ የሁሉም ዱቄት በእጁ ያልፋል። በጋሪ መጣና ሳይወርድ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ተጣራ።

«ፓንዴሌ! እሑድ ልጅህ ሰርጉን ትምራልኝ። አንተ መጥተህ ብላ ጠጣ፤ ቫዮሊንህ ግን ቤት ይዋል።»

አጎቴ ባርኔጣውን አውልቆ ሳቀ። «እንዳሉ ጌታዬ» አለ። ጋሪው ከታጠፈ በኋላም ባርኔጣውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ሳፍታ ልብስ እያሰጣች አንድ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች።

«ዝም በይ» አላት።

ዝም አላለችም።

እሑድ ጠዋት ሳፍታ ውኃ ቀድታ ተመለሰች። ወደ ክፍሏ ስትገባ አየኋት፤ ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ። አልጮኸችም።

«ላዛር፣ እስቲ ና።»

ቫዮሊኑ መሬት ላይ ነበር። አንገቱ ከሥሩ ተገንጥሎ በክሮቹ ብቻ ተንጠልጥሏል። ደረቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ አጠገብ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ስርጉድ ነገር ነበር። አንስታ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው፤ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመች።

ፓንዴሌ ማዕድ ላይ ተቀምጦ የበቆሎ ገንፎውን በአይብ እየበላ ነበር። ጋቭሪልም መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ባሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ፓንዴሌ፣ ቀና ሳይል።

«ቫዮሊኔ ተሰብሯል» አለች።

«ድመቷ ጥላው ይሆናል።»

«ድመት አንገት ትገነጥላለች አባዬ?»

«ሴት ሰርግ በምትመራበት ዘመን ድመት አንገት ብትገነጥል ምን ይገርማል?» ብሎ ሳቀ። ጋቭሪል አብሮት ሊስቅ ጀመረና የሳፍታን ፊት ሲያይ ተወው።

የፓንዴሌ ቫዮሊን ከራስጌው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሳፍታ አየችው። ማየቷን አየ።

«እሰጥሻለሁ» አለ። «ለምን አልሰጥሽም? መጀመሪያ ግን እነዚህ ሁለቱ እየሰሙ፣ ‹አባዬ፣ እኔ ሴት ነኝ፣ የኔ ቦታ ድስት ማጠብ ነው፣ ሰርጉን አንተ ምራልኝ› በይ። እኔ እመራለሁ። ደክሞኝ ስቀመጥ ትቀበይኛለሽ።»

«አርጊር አንተን አልፈልግም ብሏል።»

«ምን አልሽ?»

«አልፈልግም ብሏል። ጣትህ ስለሞተ።»

ይህን ያለችው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ሰዓት ለጠየቃት ሰው እንደምትመልስ ነው። አጎቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እንግዲያው ሩጪ» አለ። «ሙሽራዋ አምስት ሰዓት ላይ ትለብሳለች።»

ወደ አናጢው ወደ ሚሮን ቤት ሮጥን። ሚሮን የመስኮት ፍሬምና የሬሳ ሣጥን የሚሠራ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ «እሑድ ነው፣ እንኳን ለእናንተ ለጳጳስም አይሠራም» ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሳፍታ በክንዷ ሥር ሾልካ ገባች። ሚሮን ጨርቁን ገልጦ አየ፤ ወደ መስኮቱ ወሰደና አገላበጠው።

«ይሄ አልወደቀም» አለ። «ተረግጧል። ይኸውልሽ ተረከዙ። ብረት አለው።»

በእኛ ቤት ከቦት ጫማው ተረከዝ ሥር ብረት ያስመታ አንድ ሰው ነው ያለው። ሳንቃ ላይ ቆሞ ሲጫወት በእግሩ ምት እንዲያሰማለት ብሎ ያስመታው ነው። ሳፍታን አየኋት። እሷ የምታየው ምድጃው ላይ ያለውን የሙጫ ጣሳ ነበር።

«ይጣበቃል?» አለች።

«እስከ ነገ ማታ ታስሮ ከተቀመጠ ይጣበቃል።»

«እስከ አምስት ሰዓት ነው የምፈልገው።»

«ልጄ፣ እኔ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ነኝ። የኔ ደንበኞች አንዴ ከገቡ አይነቃነቁም። ይሄ ግን ሊዘል ነው።»

«ጋሼ ሚሮን፣ እባክዎ።»

ሠራላት። የአጥንት ሙጫ አፍልቶ ቀባው፤ ስንጥቁ ላይ ቁራጭ ጨርቅ በሙጫ ለጠፈ፤ የአንገቱን ሥር በሁለት ብሎን አጥብቆ ወጋው። ከዚያ በገመድ አሠረና እሳት ዳር አስቀመጠው። ሳፍታ ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብላ ጠበቀች። አንዴ ብቻ ልናገር አፌን ስከፍት «ዝም በል ላዛር» አለችኝ። ገመዱን ሲፈታ ሚሮን ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቃት።

«ክሩን እስከ መጨረሻ አትወጥሪው። ሁለት ድምፅ ዝቅ አድርገሽ ተጫወቺ። ካጠበቅሽው ይነቀላል፤ የሚነቀለው ደግሞ ፊትሽ ላይ ነው።»

የኔ ጻምባል ግን ዝቅ አይልም፤ ያን ሁሉ ክር ለመቃኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ እሷ በረገበው ክር ላይ እያንዳንዱን ድምፅ ከለመደችው ሌላ ቦታ ፈልጋ ማግኘት ነበረባት። ወደ አርጊር ቤት በጋሪ ስንሄድ ደጋን ሳትይዝ በጣቶቿ ብቻ ትለማመድ ነበር፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ጋቭሪል በጨርቅ የተለጠፈውን ቫዮሊን አይቶ «ጥርሷን ታማ ጉንጯን ያሰረች ሴት ትመስላለች» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ሙሽራዋ ስትለብስ የምንጫወተው ዜማ ቀስ ያለ ነው። የሳፍታ ቫዮሊን በዝቅታው ላይ ጉንፋን የያዛት ሴት ድምፅ ነበረው፤ የሚገርመው ደግሞ ይህ ለዜማው ተስማማው። የሙሽራዋ እናት ወንበር ይዛ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሙሽራዋም አለቀሰች። አርጊር ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሳፍታ አንድ ድምፅ እንኳ አልሳተችም። አሁን ያለፈልን መሰለኝ።

ወደ ግቢው ስንወጣ ፓንዴሌ መጥቶ ነበር። ጥቁር ካፖርቱን ለብሷል፤ በዚያ ፀሐይ። ካፖርቱ በአንድ ጎን አብጧል። አርጊር አጠገብ ቦታ አግኝቶ ተቀመጠ፤ የፕለም አረቄ ቀዳለት፤ ለራሱም ቀዳ። እኛ ለጭፈራው መጫወት ጀምረን ነበር።

«ጌታዬ አርጊር» ሲል ሰማሁት። «አይቆጡኝና፣ ድምፁ አልወረደብዎትም? ሰርግ ነው ወይስ ተዝካር?»

አርጊር እስከዚያ ድረስ ምንም አላስተዋለም። ሲነገረው ግን አስተዋለ። ጆሮውን አቀና።

«አንቺ! ከፍ አድርጊው!»

ሳፍታ ደጋኗን አወረደች። «ጌታዬ፣ ዛሬ ጠዋት ተሰብሮብኝ ነው። ካጠበቅሁት ይነቀላል። እስከ መጨረሻው እንዲህ እጫወትልዎታለሁ፣ ምንም አይጎድልብዎትም።»

«እኔ የቫዮሊን ሐኪም ነኝ? ልጄን ነው የምድረው! አጥብቂው!»

«አጥብቂው!» አለ አንዱ እንግዳ ከጠረጴዛው ማዶ። ሌላው ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛውን በጡጫ እየደበደቡ ሁሉም «አጥብቂው! አጥብቂው!» ይሉ ጀመር። ሳፍታ አባቷን አየችው። በዓይኗ አንድ ነገር ስትለምነው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሱ የዶሮ አጥንት ይግጥ ነበር።

«አጥብቂው እንጂ ልጄ» አለ። «እንግዳ ሲጠብቅ ደስ አይለውም።»

አጠበቀችው። የመጀመሪያው ክር ቻለ፤ ሁለተኛውም ቻለ። ሦስተኛው ላይ ብሎኖቹ ለቀቁ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ፤ አንገቱ ታጠፈና አንዱ ክር ተበጥሶ ከዓይኗ ሥር ጉንጯን ሰነጠቀው። ደሙ ነጭ ሸሚዟ ላይ ወረደ።

ከዚያ ሚዜው «የታረደች ዶሮ አንገቷን ልክ እንዲህ ነው የምታደርገው!» ብሎ ጭንቅላቱን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። አርጊርም ሳቀ። ሙሽራዋ፣ ቅድም ያለቀሰችው፣ አፏን በመጋረጃዋ ሸፍና ሳቀች።

ፓንዴሌ ተነሣ። ካፖርቱን ከፈተና የራሱን ቫዮሊን አወጣ።

«ደግነቱ እኔ አለሁ» አለ።

አርጊር ትከሻውን ነቀነቀ። «በል ምታ፤ ሰው ቆሟል።»

እውነቱን መናገር አለብኝ። በቀስታ ነው የጀመረው፤ የጀመረውም ድሮ እንደምናውቀው ፓንዴሌ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰውነቱን ወደ አንድ ጎን ጣል አድርጎ ሲጫወት፣ የሚስቁት ሁሉ ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ቢያቆም ኖሮ ሰዉ ሁሉ ስሙን በደግ ያነሣለት ነበር። ግን ወጣቶቹ ስርባ ጠየቁ፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በሩጫ የሚጨፍሩት ጭፈራ ነው። ፓንዴሌ ዞሮ አየኝ። ገባኝ፤ በለመድነው ልክ፣ ቀስ ብዬ ጀመርኩለት።

ሳፍታ የጉንጯን ደም በራስ ጨርቋ ጠረገች። ጨርቁን ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ጨፋሪዎቹ መሃል ገባች። ማጨብጨብ ጀመረች። መጀመሪያ ከእኛ ጋር እኩል ነበረች። ቀጥሎ ትንሽ ቀደመችን። ጨፋሪዎቹ በእግራቸው ተከተሏት፤ ተቀምጠው የሚያጨበጭቡትም ተከተሏት። አሁን ግቢው በአንድ ፍጥነት ይሄዳል፣ ቫዮሊኑ በሌላ። መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነበርኩ። ሳፍታ አየችኝ። ምንም አላለችኝም፤ ማጨብጨቧን ብቻ ቀጠለች።

እጄ ነው እንዲያ ያደረገው ብዬ ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። እጄ አልነበረም። አስቤ ነው ያደረግሁት። ጭብጨባውን ተከተልኩ።

«ቀንስ» አለ ፓንዴሌ በጥርሱ መሃል።

ጨመርኩ።

«ላዛር! ቀንስ የኔ ልጅ!»

የኔ ልጅ ብሎኝ አያውቅም ነበር። የባሰ ጨመርኩ። ጋቭሪል ግራ ተጋብቶ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ ከዚያ እኔን ተከተለ። የፓንዴሌ ጣቶች አንድ ድምፅ ዘለሉ፤ ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ አንድ ሙሉ ሐረግ አመለጠው። ሊደርስብን ሲሞክር ደጋኑ ሌላ ክር መታና ቫዮሊኑ እንደ ተረገጠ ቡችላ ጮኸ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ግንባሩ ላይ የወጣው ሥር ይታየኛል፤ ከጎኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ።

«ሽማግሌው ዳገት ገጠመው!» አለ አንዱ።

«ግፉለት! ግፉለት!»

ሚዜው ሾርባው ውስጥ እጁን ከትቶ የተቀቀለ የዶሮ እግር አወጣና ወደ ፓንዴሌ ዘረጋለት። «እንካ አባባ፣ በዚህ ሞክር! ይሄ ይታጠፋል!» ሰዉ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሚዜው የዶሮ እግሩን ቫዮሊኑ አንገት ላይ አስቀምጦ ጣት ጣት አስመስሎ አንቀሳቀሰው። ፓንዴሌ ደጋኑን አወረደ። እኔም አቆምኩ። በጸጥታው ውስጥ ሳፍታ ብቻዋን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አጨበጨበች። ከዚያ እጇን አወረደች።

«ለልጅቷ ስጣት» አለ አርጊር እንባውን እየጠረገ። የሳቅ እንባ ነው። «አንተ ወጥ ቤት ሂድ፤ የሚበላ ይስጡህ።»

ሳፍታ አባቷ ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች። ጉንጯ እንደገና ይደማ ነበር። ፓንዴሌ ቫዮሊኑን ደረቱ ላይ እንደያዘ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ልጄ… አውቀሽ ነው?»

«ድመቷ ናት» አለችው።

ሰጣት። እስከ ምሽት ድረስ ተጫወተች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ስትጫወት አልሰማኋትም። ሚዜው ራሱ ትከሻዋን እየመታ «አንበሳ!» አላት። ፓንዴሌ ወጥ ቤት አልሄደም። በቆሎው በተቆረጠበት ማሳ መሃል አቋርጦ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ ቤት ሲሄድ ከግቢው ይታይ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው። ጋሪ ያለው ሰው ሁሉ ሰርጉ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቫዮሊን አልነካም። ሰው ሲመጣ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ሳፍታ ታበላዋለች፣ ታጥብለታለች፣ ክፉ ቃል አትናገረውም፤ ጭራሽ አትናገረውም። ሦስት ክረምት እንዲህ ተቀመጠና ሞተ። አልጋ ላይ ሳለ አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ፣ ጣሪያውን እያየ «እኔ የረገጥኩት እንጨት ነው» አለኝ። ቀጥሎ የሚለው ያለ መስሎኝ ጠበቅሁ። ወደ ግድግዳው ዞረ።

ያን ጊዜ እኔ እዚያ ቤት አልኖርም ነበር። ሳፍታ ያስወጣችኝ ሰርጉ ካለፈ በሚቀጥለው ፋሲካ ማግስት ነው። ከሥራ ስመለስ ከጁርጁ ከተማ የመጣ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ጻምባል ሲቃኝ አገኘሁ።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ከእንግዲህ እሱ ነው የሚመታልኝ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም።»

«ላንቺ ብዬ ነው እኮ ሳፍታ! ያን ቀን ላንቺ ብዬ ነው።»

ጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ ቀይ ነበር ገና። እንደ እንግዳ ሰው በጥሞና አየችኝ።

«አባዬ ‹ቀንስ የኔ ልጅ› ሲልህ ሰምቻለሁ» አለች። «እኔ ልጁ ነኝ፣ ከእሱ የምጣላበት ነገር ነበረኝ። አንተ ግን አጠገቡ ቆመህ ፊቱን እያየህ ነው የጨመርከው። የኔም ጣት አንድ ቀን ይደርቃል ላዛር።»

ልብሴን በአንሶላ ጠቀለልኩ። ጋቭሪል በሩ ላይ ቆሞ ሊቀልድ አስቦ ነበር፤ ተወውና ባርኔጣውን ነካ አደረገልኝ። ሳፍታ ዳቦና አይብ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ የምሄደው እዚያው መንደር ዳር፣ ጡብ ፋብሪካው አጠገብ ነው። የጁርጁው ሰው አሁንም ይቃኛል። ከመሃለኞቹ ክሮች አንዱ ዝቅ ብሎበታል፤ እሱ አልሰማውም። ልነግረው ዞር አልኩና ተውኩት።